ጉዳዩ፦ «በመስኮት ይውጡ» ስለመባሌ

ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም
ቢሾፍቱ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ውሉ፣ ስለ ቀብዱ፣ ስለ ቤቱ ስፋት አልደግምም። ፋይሉ እናንተ ጋ አለ። ግቢዬ ውስጥ የተከላችሁትን የእንጨት ቤት ፎቶ አንስታችሁ ደንበኛ ትስቡበታላችሁና ረሳነው አትሉኝም።

የምጽፈው ስለ ሐሙስ ሐምሌ 24 ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲጀምር መጽሐፌንና የሻይ ፔርሙዜን ይዤ ገባሁ። በሩን ሳብ አድርጌ ዘጋሁት። ዝናቡ ሲያባራ ልወጣ ስል በሩ እምቢ አለ። በእጄ ገፋሁት፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ከላይ ጥጉ ላይ ነክሶ ይዟል። ከታች ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከበሩ ቀድሞ የተበላሸ ነው። ደግነቱ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ችግር ሲኖር ይደውሉ» ብላችሁ በሰጣችሁኝ ቁጥር ደወልኩ።

«እህ፣ ማዘር! የቢሾፍቱዋ!» አለኝ ያነሳው ልጅ። ማዘር መባሉን ዋጥኩት። በሩ አልከፈት እንዳለኝ ነገርኩት።

«ማዘር፣ እንጨት እኮ ነው። ክረምት ላይ ያብጣል፤ ያለ ነገር ነው።»

«ገብቶኛል ልጄ። አሁን ግን ውስጥ ነኝ» አልኩት።

ዝም አለ። ከጀርባው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ «መስኮት አለው አይደል? በመስኮት ይውጡ» አለኝ።

መስኮቱ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ልኩን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ከሥሩ ጽጌረዳ አለ፤ ከነእሾሁ። 40 ደቂቃ ተቀምጬ የጎረቤቴ ዘበኛ በዲጂኖ ፈልቅቆ አወጣኝ። የበሩ ጠርዝ ተሰንጥቋል። እሱንም በእኔ እንዳታመካኙ።

እውነቱን ልናገር፣ ወጥቼ ቡና ስጠጣ እኔም ልስቅበት ነበር። ልጁ ግን ስልኩን ሳይዘጋ «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሰው ይመጣል፣ ቃሌ ነው» ብሎኛል። ቅዳሜ! በዚህ በሐምሌ ብቻ ቃል የተገባልኝ አራተኛው ቅዳሜ ነው። 5፣ 12፣ 19፣ 26። የቀን መቁጠሪያዬ ላይ ከብቤያቸዋለሁ። በ26ኛው ቀን ለሁለት ሰው ምሳ ሠርቼ ጠበቅኩ። 9 ሰዓት ላይ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ምሳውን ዘበኛው በላው። ይገባዋል።

እናንተ ሰው ስላልላካችሁ እኔ የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁ። ውሃ ልኩን ደፉ ላይ ጋደም ሲያደርገው አረፋው ሮጦ አንድ ጎን ላይ ተለጠፈ። «በሩ ምንም አልሆነም፣ ቤቱ ነው የተነሳው» አለኝ። አፈራችን ዋልካ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለዚህም ነበር ውሉ ላይ «ዋልካው ተቆርጦ ይወጣል፣ በድንጋይና በጠጠር ይሞላል፣ ከዚያ ብሎኬት ይቀመጣል» ያላችሁት። አናጢው ጥጉ ሥር ሲቆፍር ያገኘው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በቃ። አንዱ ጥግ ሲነሳ መቃኑ ተንጋደደና በሩን ያዘው። እንጨት ማበጡን አልክድም። እኔን የቆለፈብኝ ግን ያበጠው መሬት ነው።

ጎንበስ እንዳለ ሌላም አሳየኝ። ወለሉን የተሸከመው ሞራሌ ላይ ምስጥ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መንገድ ሠርቶ ወጥቷል። የሐበሻ ጥድ ይሁንልኝ ብዬ ጭማሪ የከፈልኩት ይህን ፈርቼ ነበር። ምስጥ አይደፍረውም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እውነታችሁን ነው። የሐበሻ ጥድ ልቡ ቀላ ይላል፣ ሲፋቅም እርሳስ እርሳስ ይሸታል። አናጢው በቢላ ፋቅ አድርጎ አፍንጫዬ ሥር ያዘው። ነጣ ያለ፣ የፈረንጅ ጥድ። ሚያዝያ ላይ ጠርጥሬ ስጠይቅ «ጥድ ያው ጥድ ነው» ተባልኩ። ያው ከሆነ ዋጋው ለምን ተለያየ?

ቫርኒሹ እርጥብ እንጨት ላይ ስለተቀባ ተልጧል። ጎረንዳዮ ስላልተገጠመ የጣራው ውሃ ግድግዳው ሥር ይዘንባል። ደረሰኝ ስጠይቅ «ቫት 15 በመቶ ይጨመርብዎታል» ተብዬ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተሰጠኝ። ይህን ሁሉ ለጊዜው ልተወው። የብረት መሰላሌን ግን አልተውም። ገጣጣሚዎቻችሁ «ነገ እንመልሳለን» ብለው ከወሰዱት ሰባት ወሩ። እሱ ቢኖር እኮ ዘበኛው በመስኮት ያወርደኝ ነበር!

መጀመሪያ የፈለግኩት በሩ ላግ እንዲደረግልኝ ብቻ ነበር። አሁን ግን ቤቱ በክሪክ ተነስቶ መሠረቱ እንደ ውሉ ይሠራ። ሞራሌው በሐበሻ ጥድ ይቀየር፤ ቆሜ አሸትተዋለሁ። እስከ ነሐሴ 10 ካልተጀመረ ቤታችሁን ነቅላችሁ ውሰዱ፣ ገንዘቤን መልሱ። ቅዳሜ የሚባል ቀጠሮ አልቀበልም።

ያ ልጅም አብሮ ይምጣ። ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አይደለም። በሩን ዘግቼበት አንዴ በመስኮት ይውጣ፣ እኔ ከጽጌረዳው አጠገብ ቆሜ ልየው።

ከሰላምታ ጋር
የቢሾፍቱዋ «ማዘር»

ግልባጭ፦
ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት
ለልጄ (እናንተን የመረጠችልኝ እሷ ናት)