በመኪናዬ ላይ ስለተገጠመው የጋዝ ሲሊንደርና የመሙያ አፍ የቀረበ ቅሬታ

ኖቬምበር 2025
ሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ

ይድረስ ለጋራዡ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለ200 ባር የተሠራ ሲሊንደር ከ3,600 ፒኤስአይ መሙያ አፍ ጋር ተገጥሞ ስለተሰጠኝ መኪና (ባርና ፒኤስአይ የግፊት መለኪያዎች ናቸው)

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ጁላይ የ2014 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ መኪናዬ ከቤንዚን በተጨማሪ በታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ (በተለምዶ ሲኤንጂ በምንለው) እንዲሠራ እንድትለውጡልኝ ለጋራዣችሁ አስረክቤ፣ የተጠየቅሁትን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ፈጽሜ መረከቤ ይታወሳል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድሁት የተገጠመልኝ ሲሊንደር በዚህ አገር ማደያዎች የሚሞላውን ግፊት ለመሸከም ያልተሠራ መሆኑ በባለሙያ ስለተረጋገጠ ነው። ስለ ገንዘቤ የማነሣው ጥያቄ አለ፤ ከእርሱ በፊት ግን ተመሳሳይ ሲሊንደር የገጠማችሁላቸው ሌሎች ደንበኞች ካሉ ጋዝ መሙላታቸውን ዛሬውኑ እንዲያቆሙ ትነግሯቸው ዘንድ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ነገሩ የታወቀው መኪናው ለስሞግ ቼክ (ለጭስ ልቀት ምርመራ) በቀረበበት ጊዜ ነው። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ የጋዙን መስመር እንዳየ በመጀመሪያ የፈለገው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ለእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ የሚሰጠው የፈቃድ ቁጥር የሰፈረበትን መለያ ነበር፤ መለያው ግን የለም። በዚህ ክፍለ ሀገር ማንኛውም ከቤንዚን ወደ ጋዝ የሚደረግ ለውጥ ቦርዱ ለዚያው የመኪና ዓይነትና ዓመተ ምሕረት ባጸደቀው ዕቃ ብቻ መሠራት እንዳለበት፣ የገጠመው ጋራዥም መለያውን ኮፈኑ ሥር መለጠፍ እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። መኪናው በዓይን ምርመራው ወደቀ፤ ስሞግ ቼክ ያላለፈ መኪና ደግሞ ምዝገባው አይታደስም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወረቀት ጉድለት ነው ብለን ተነጋግረን በጨረስነው ነበር።

መርማሪው ግን ሲሊንደሩን ፈቃድ ላለው የሲሊንደር ፈታሽ እንዳሳይ መከረኝ። ፈታሹ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተጋድሞ የታሰረውን ሲሊንደር በባትሪ እያበራ ዞሮ ተመለከተው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ሲሊንደሩ ላይ መኖር የነበረበት፣ የሥራ ግፊቱን፣ የተሠራበትን ወርና ዓመት፣ እንዲሁም ከዚህ ጊዜ በኋላ አትጠቀሙ የሚለውን ቀን የሚገልጸው መለያ አልተገኘም። በትከሻው በኩል በቅርቡ የተቀባ ወፍራም ነጭ ቀለም ነበር፤ ቀለሙን በጥንቃቄ ሲፍቀው ብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ብቅ አለ፦ የሥራ ግፊት 200 ባር፣ የፍተሻ ግፊት 300 ባር፣ መጠን 60 ሊትር፣ የተሠራበት ዓመት 2009። አጠገቤ ቆሞ ፎቶግራፉን ያነሣው እርሱ ራሱ ነው፤ ከጽሑፍ ማረጋገጫው ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ።

200 ባር ማለት 2,900 ፒኤስአይ ያህል ነው። እኔ የምሞላበት ማደያ፣ እንደ አብዛኞቹ የዚህ አካባቢ ማደያዎች፣ የሚሞላው በ3,600 ፒኤስአይ ሲሆን ይህም ወደ 248 ባር ይጠጋል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ በተባለ ቁጥር ከተሠራበት የሥራ ግፊት ወደ ሩብ የሚጠጋ ትርፍ ተጭኖበታል ማለት ነው። በበጋ ደግሞ ይብሳል። ማደያው የአየሩን ሙቀት እያሰላ ስለሚሞላ በሞቃት ቀን ግፊቱ ከ3,600 ከፍ እንዲል ይፈቀዳል፤ ለ3,600 የተሠራ ሲሊንደር ይህን ታስቦለት የተሠራ ነውና ይችለዋል፣ የእኔው ግን ለዚያ አልተሠራም። ከሞላሁ በኋላ የግፊት መለኪያው ቀስት 250 ባር አጠገብ ሲቆም ለመካኒካችሁ ስልክ ደውዬ ጠይቄው ነበር፤ የሰጠኝ መልስ «ጥሩ ሞልቶልሃል» የሚል ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ የመሙያው አፍ ነው። በአሜሪካ የሲኤንጂ መሙያ አፎች እንደ ግፊታቸው ቅርጻቸው ይለያያል፤ የ3,600 ፒኤስአይ ማደያ አፍንጫ በ3,000 ፒኤስአይ አፍ ውስጥ አይገባም። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ አሽከርካሪው ባያውቅ ወይም ቢዘነጋ እንኳ ብረቱ ራሱ እምቢ እንዲል ነው። ለሲሊንደሩ የሚመጥን አፍ ገጥማችሁ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የማደያው አፍንጫ አልገባም ብሎኝ፣ ነገሩ በዚያው ታውቆ በቀረ ነበር። እናንተ ግን የ3,600ን አፍ ለ200 ባር ሲሊንደር ገጠማችሁ። ይህ በስሕተት የሚሆን ነገር መስሎ አይታየኝም፤ ምክንያቱም አነስተኛው አፍ ቢገጠም ደንበኛው በአካባቢው የሚሞላበት ማደያ በቀላሉ እንደማያገኝ ገጣሚው ያውቃልና።

ይህንኑ በስልክ ባነሣሁበት ጊዜ እርስዎ የሰጡኝ መልስ «ሲሊንደሩ እስከ 300 ባር ተፈትኗል፣ አትስጋ» የሚል ነበር። የፍተሻ ግፊት ማለት ሲሊንደሩ በውሃ ተሞልቶ ለአጭር ጊዜ የሚፈተንበት ግፊት እንጂ በየዕለቱ ጋዝ እየሞሉ የሚነዱበት ግፊት አይደለም። ብረት የሚደክመው ደጋግሞ በመሞላትና ባዶ በመሆን ነው፤ የሥራ ዘመኑም የሚሰላው በሥራ ግፊቱ ልክ ነው። በዚህ ስሌት ላይ በየሙሌቱ ሩብ ያህል የሚጨምር ሰው ስሌቱን አፍርሶታል። ሁለተኛው መልስዎ «ሌሎች ደንበኞቻችንም ይህንኑ ይዘው እየነዱ ነው» የሚል ነበር። እኔን ለማረጋጋት የተነገረው ይህ ቃል ከሁሉ የበለጠ ያሰጋኝ ቃል ነው።

ፈታሹ ያገኘው ሌላም ጉድለት አለ። በእሳት ጊዜ ሲሊንደሩ ከመፈንዳቱ በፊት ጋዙን የሚያስተነፍሰው መሣሪያ መውጫው በቱቦ ከመኪናው ውጭ መዘርጋት ሲገባው፣ እዚያው የተዘጋው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተከፍቶ ቀርቷል። በቫልቩና በከፍተኛ ግፊት ቱቦው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋ እየኮፈለ ወጣ። የኋላ መቀመጫው ላይ ልጆቼ «የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል» ይሉ የነበረው ለካ ጋዙ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት ሽታ ኖሯል። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር የቀለለ ስለሆነ ሜዳ ላይ ቢያፈስ ወደ ላይ ተበትኖ ይሄዳል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን መሄጃ የለውም።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልናገር። ሞተሩ ላይ የተሠራው ሥራ ንጹሕ ነው። መኪናው በቤንዚን ይነሣል፤ የሞተሩ ውሃ የጋዙን ግፊት መቀነሻ ሲያሞቀው ሳያንገራግር ወደ ጋዝ ይሻገራል፤ የሽቦው አሠራርም ያምራል። ዳገት ላይ ጉልበቱ ትንሽ መቀነሱን እንደ ጥፋት አልቈጥረውም፤ ለቤንዚን በተሠራ ሞተር ውስጥ ጋዙ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ ይህ የለውጡ ባሕርይ ነው። ይህን የመሰለ ሥራ የሚችል እጅ ያለው ጋራዥ ሲሊንደሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ማንበብ ያቅተዋል ብሎ ማመን ግን ይቸግራል።

በማስታወቂያችሁ አንድ ሙሌት 250 ማይል ያስኬዳል ብላችሁ ነበር። 60 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር የሚይዘው ወደ 10 ኪሎ ግራም ጋዝ ነው፤ የአንድ ጋሎን ቤንዚንን ኃይል የሚተካው ጋዝ 2.567 ኪሎ ግራም ስለሆነ በድምሩ አራት ጋሎን እንኳ አይሞላም። በእኔ መኪና ይህ ከ100 ማይል ብዙም አያልፍም። ብዙ ሰው ለጫኑ መኪኖች በተለየው የካርፑል መስመር ብቻዬን እንድነዳ የሚፈቅድ ስቲከር ይሰጥሃል የተባልሁትም እንዲሁ መሠረት የለውም፤ ስቲከሩ ቦርዱ በዘረዘራቸው ሞዴሎች ብቻ የተወሰነ ነበር፣ ፕሮግራሙም ራሱ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል።

ደረሰኙንም በተመለከተ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ጋራዥ ያገለገለ ዕቃ ከገጠመ በደረሰኙ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በደረሰኜ ላይ «የጋዝ ዕቃ ሙሉ ስብስብ» ከሚል አንድ መስመር በቀር የሲሊንደሩ ተከታታይ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመትም ሆነ ያገለገለ ስለመሆኑ የተጻፈ ምንም ነገር የለም። በ2009 ተሠርቶ አዲስ ቀለም የተቀባ ሲሊንደር አዲስ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የምናከብራቸውን አባቶች ልካችሁ ጉዳዩ በሽምግልና እንዲያልቅ ጠይቃችኋል። ስለ መጡልኝ ሽማግሌዎች ክብር ስል ክፍያውን በተመለከተ ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ። የሲሊንደሩ ጉዳይ ግን በእኔና በእናንተ መካከል ብቻ ያለ አይደለም፤ ማደያው ላይ ከጎኔ ቆሞ የሚሞላው ሰውም፣ ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ውስጥ አጠገቤ የሚያቆመውም አለበትና በእርቅ የሚዘጋ ነገር አይደለም።

ስለሆነም ተመሳሳይ ሲሊንደር ለገጠማችሁላቸው ደንበኞች በሙሉ በስልክና በጽሑፍ አሳውቃችሁ፣ ይህን ማድረጋችሁን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። በመኪናዬ ላይ ያለው ሲሊንደር ጋዙ በአግባቡ ወጥቶ እንዲነሣ፣ መኪናውም ወደ ፋብሪካ ይዞታው ተመልሶ በቤንዚን ብቻ እንዲሠራ ይደረግልኝ፤ ሥራውን እኔ በመረጥሁት ሌላ ጋራዥ አሠራለሁ፣ ወጪው ግን የእናንተ ነው። ለለውጡ የከፈልሁት ገንዘብ፣ የፈታሹና የስሞግ ቼኩ ክፍያም ተጨምሮበት ይመለስልኝ። የተነሣው ሲሊንደር ግን ለእናንተ አይመለስም፤ ዳግመኛ ተቀብቶ በሌላ ሰው መኪና ላይ እንዳይገጠም ፈታሹ ዘንድ ተበስቶ ይወገዳል።

እስከ ዲሴምበር 15 ቀን 2025 ድረስ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ከነማስረጃው ለካሊፎርኒያ የመኪና ጥገና ቢሮ አቤቱታ አቀርባለሁ። ደንበኞችን የማስጠንቀቁ ጉዳይ ግን እስከዚያ ቀን አይቆይም። እስከ መጪው ዓርብ ማስጠንቀቃችሁን ካላረጋገጣችሁልኝ፣ የሲሊንደሩን ፎቶግራፍ የጋራዣችሁን ስም ሳልጠቅስ በማኅበረሰባችን የቴሌግራም ቡድኖች አሰራጫለሁ፤ የጋዝ መኪና ያለው ሁሉ የራሱን ሲሊንደር ትከሻ እንዲያነብ።

ከሰላምታ ጋር፣
የመኪናው ባለቤት

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ፣ የስሞግ ቼክ ውጤት፣ የሲሊንደር ፈታሹ ማረጋገጫ፣ የሲሊንደሩና የመሙያው አፍ ፎቶግራፎች