ለደንበኞቻችን፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኢቲኤ የማንሞላበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ያለው ቢሯችን የሚመጣ ሰው ሁሉ «የእንግሊዝ ኢቲኤ ስንት ነው የምትሞሉት?» ይለናል። «አንሞላም» ስንል ቅር ያላችሁ ስላላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ልናደርሳችሁ ወደድን።

ኢቲኤ ቪዛ አይደለም። ያለ ቪዛ መግባት ለተፈቀደላቸው አገሮች ዜጎች፣ ከመሳፈራቸው በፊት በኢንተርኔት የሚሰጥ የጉዞ ፈቃድ ነው። የአሜሪካው ኢስታም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ለሁለቱም አገሮች ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ አዲስ አበባ ወርዶም አሻራ ይሰጣል። በቲክቶክ «ኢቲኤ በሦስት ቀን እናወጣለን» የሚላችሁ ሰው ከኪሳችሁ ገንዘብ ያወጣ እንደሆነ እንጂ ፈቃድስ አያወጣም።

የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላቸው ዘመዶቻችሁ ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ኢቲኤ አይጠየቁም። ወደ እኛ ሲመጡ ግን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ከሌላቸው የኢትዮጵያ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል።

ብዙ ጣጣ ያለው እንግሊዝ በመኖሪያ ፈቃድ ያሉት ልጆቻችሁ ጋ ነው። ቢአርፒ የሚባለው ካርድ የአብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አብቅቷል። ፈቃዱ ግን አልተቃጠለም፤ ኢ-ቪዛ ሆኖ ኦንላይን አካውንት ውስጥ ገብቷል። አካውንቱ የሚታሰረው ከፓስፖርት ቁጥር ጋር ነው። ለአረፋ ወይም ለገና መጥቶ እግረ መንገዱን ፓስፖርቱን ያሳደሰ ልጅ አዲሱን ቁጥር ካላስገባ፣ ቦሌ ላይ ሻንጣውን እንደያዘ «ሲስተሙ አያሳይህም» ሊባል ይችላል። የስሙም ነገር አለ፤ መሐመድ የሌለበት ቤት የት አለና! አሮጌው ፓስፖርት ላይ በአንድ «ኤም»፣ አዲሱ ላይ በሁለት «ኤም» ተጽፎ ከመጣ ትኬት ሳይቆረጥ በፊት መስተካከል አለበት።

ይህንን እዚሁ ሆኖ መጨረስ ስለሚቻል አብሽሩ። ወደ አካውንቱ የመግቢያ ኮዱ በስልክ ወይም በኢሜይል ይላካል፤ የእንግሊዙ ሲም እዚህ ካልሠራ ኢሜይሉን ይምረጥ። ኢሜይሉ ወንድሙ ወይም ጓደኛው የከፈተለት ከሆነ ግን አስቀድሞ ይነጋገሩበት፤ ኮዱ እዚያ ሄዶ ሲቀር እኛም ምንም ማድረግ አንችልም።

ስትመጡ አሮጌውንም አዲሱንም ፓስፖርት ያዙ። የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ ራሱ ይጻፍ እንጂ ለእኛ አይንገረን። ቁጥር መቀየሩ በእንግሊዝ መንግሥት ገጽ ላይ ክፍያ የለውም፤ እኛ የምንቀበለው የመሙያና የኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ደረሰኝም እንቆርጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ሰነድ አገልግሎት ቢሯችሁ፣ ደሴ