የአሸዋ ዝንብ ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ስለሚተላለፈው የካላዛር በሽታ በሚወጡ ጽሑፎች «የአሸዋ ዝንብ» ሲባል ነፍሳቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እስካሁን የታወቁት ዝርያዎች ግን ወደ 1000 ይጠጋሉ፤ ካላዛርንና መሰል በሽታዎችን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ፣ ሌሽማኒያን፣ ወደ ሰው ያስተላልፋሉ የሚባሉት 100 ገደማ ናቸው። የትኛው የት እንዳለ ሳይለዩ መድኃኒት መርጨት ገንዘብም ጊዜም ያባክናል።

ሕንድ ውስጥ በሽታውን የሚያዛምተው ፍሌቦቶመስ አርጀንቲፔስ የተባለው ዝርያ ቤትና በረት ውስጥ ስለሚያርፍ ግድግዳ መርጨት ይጎዳዋል። የሱዳንና የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ግን በአብዛኛው ከቤት ውጭ፣ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ይገኛል። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ ፍሌቦቶመስ ማርቲኒ ከምስጥ ኩይሳ ጋር ይያያዛል። እርሻ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ወይም እረኛ የቤት ግድግዳ መርጨት ምን ያደርግለታል?

መለየቱ ቀላል አይደለም። ነፍሳቱ ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ ዝርያዋ የሚለየው ጉሮሮዋና የወንዱን ዘር የምታከማችበት ከረጢት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ነው። የዲኤንኤ ምርመራም በእጅጉ ያግዛል። ይሁንና በሆዷ የጥገኛው ዲኤንኤ መገኘቱ ብቻውን አስተላላፊ መሆኗን አያረጋግጥም፤ ከታመመ እንስሳ ገና የመጠጠችው ደም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚዘነጉ ዘገባዎች በጣም ያሳስቡኛል።

በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች ዝንቦቹን በዓይን የሚለዩ ወጣት ባለሙያዎች ይሠልጥኑ፤ የዲኤንኤ መሣሪያ መግዛት እነሱን አይተካም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ