ስለ በስል ጉርድሽ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ሴቶች ይለብሱት የነበረውን፣ ከወገብ በታች ወደ ኋላ ጎልቶ የሚወጣውን ጉርድ ቀሚስ ለቲያትር ቡድናችሁ ልትሰፊ እንደ ሆነ ስትጽፊልኝ እጅግ ደስ አለኝ። ጨርቁን ዘርግተሽ መቀስ ልታነሺ መሆኑን ሳነብ ግን ሥጋት ስለ ያዘኝ፣ ከሁሉ አስቀድሜ መቀሱን እንድታስቀምጪው እለምንሻለሁ። በመጀመሪያ መሠራት ያለበት ጉርዱን ከሥር የሚሸከመው መደገፊያ፣ በስል የሚባለው ነው።

ይህን የምልሽ ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ለንደን ውስጥ የቲያትር ልብስ በሚሰፋበት ክፍል ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ በስሉ ገና ሳይደርስ አንዱን ጉርድ በባዶ ወገብ ለክቼ ጠርዙን ቆርጬ ዘመዘምኩት። ተዋናይዋ በስሉን ታጥቃ ስትለብሰው የፊቱ መሬት ሲነካ የኋላው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተሰቅሎ ቀረ። በስሉ ጨርቁን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ በኋላ በኩል ከወገብ እስከ መሬት ያለው ርዝመት ከፊቱ እንደሚበልጥ ያን ቀን ገባኝ።

በስል ፋሽን የሆነው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያ ከ1869 ገደማ እስከ 1876፣ ቀጥሎ ከ1883 ገደማ እስከ 1889። የመጀመሪያው ለስለስ ብሎ የሚወርድና ብዙ ጊዜ መሬት የሚጎትት ጭራ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወገብ ሥር ድንገት እንደ መደርደሪያ ይወጣል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ጉርድ ጭን ላይ ጠብቦ ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ንድፍ ብትወስጂ ከበስልሽ ጋር አይገጥምም። የሁለተኛውን ቅርጽ ለማጥናት ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያሉትን የዘመኑን ቀሚሶች ከጎን በኩል ተመልከቻቸው።

በስሉን ከጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ሠርተሽ፣ በአግድም በሰፋሻቸው መተላለፊያዎች ውስጥ ስስ የብረት ዘንጎች አስገቢ፤ ከውስጥ ግራና ቀኙን በጥብጣብ ስበሽ ስታስሪው ብረቱ ይጎብጣል። የዘንጎቹን ጫፍ በደንብ ሸፍኚ፤ አለበለዚያ ጨርቁን ቀድደው ይወጣሉ። የብረቱ መስመር በጉርዱ ላይ እንዳይታይም በላዩ የተሸነሸነ የውስጥ ቀሚስ ይለበሳል።

ጉርዱን በቅድሚያ በአቡጀዲ ሞክሪው። የፊቱና የጎኖቹ ቁራጮች ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያሉ ሲሆኑ፣ የኋላው ቀጥ ያለ ሙሉ የጨርቅ ወርድ ሆኖ ወገቡ ላይ በጥቅጥቅ ሽንሽን ይሰበሰባል። የእያንዳንዱን የጎን ቁራጭ ቀጥ ያለ ጠርዝ ወደ ፊት፣ ሰያፉን ወደ ኋላ አዙሪ። ሰያፍ ከሰያፍ ጋር ሲሰፋ እየተለጠጠ ይወርዳል፤ ቀጥ ያለው ጠርዝ ግን ሰያፉን አጥብቆ ይይዘዋል። ገበሩንም እንደ ዛሬው ለብቻው ሰፍተሽ አታንጠልጥዪው። የዘመኑ ሰፊዎች እያንዳንዱን ቁራጭ ከገበሩ ጋር ደርበው እንደ አንድ ጨርቅ ይሰፉት ነበርና፣ ጨርቁ አቋም ያገኛል፤ የእጅ ስፌቱም ገበሩን ብቻ ስለሚይዝ ከውጭ አይታይም። በውስጥ በኩል በጎንና በኋላ መጋጠሚያዎች ላይ ጥንድ ጥብጣቦች ስፊ፤ ከኋላ ሲታሰሩ የፊቱ ጨርቅ ልሙጥ ሆኖ ስፋቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሰበሰባል።

በታችኛው ጠርዝ ላይ የሚዞረው ሽንሽን ብዙ ጨርቅ እንደሚበላ አትዘንጊ። የሚታየው እጥፋት 2 ሳንቲሜትር ከሆነ 6 ሳንቲሜትር ጨርቅ ይወስዳል፤ የጉርዱ ዙሪያ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ለሽንሽኑ 7 ሜትር ተኩል የሚረዝም የጨርቅ ቁራጭ መቁረጥ አለብሽ ማለት ነው። እጥፋቱን በመርፌ ቁልፍ ይዘሽ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ካውያውን ሳትጎትቺ ከላይ ተጫኚው፤ ከዚያ ካውያውን አንሥተሽ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ጨርቁ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሽንሽኑን አታንቀሳቅሺው። እኔ ትዕግሥት ያጣሁባቸው ሽንሽኖች ሁሉ በማግስቱ ተፈትተው አግኝቻቸዋለሁ።

ጠርዙን የምትለኪው በስሉ፣ የውስጥ ቀሚሱና መድረክ ላይ የሚደረገው ጫማ ተለብሰው ካለቁ በኋላ፣ ማስመሪያ መሬት ላይ አቁመሽ ዙሪያውን ነው። የአቡጀዲውን ሙከራ አልብሰሽ ከጎን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት አብረን እናየዋለን።

የምትወድሽ እናትሽ