ሐይቅሽን ዞሬው መጣሁ

ሚጡዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? አንድ ነገር ልናዘዝልሽ ነው፤ ቶሎ ልበለውና ይውጣልኝ። ጥቅምት ላይ ጀርመን፣ አንቺ ያለሽበት ላይፕዚግ ነበርኩ። ለሥልጠና፣ አሥር ቀን። አልደወልኩልሽም። ይቅር በይኝ።

አሁን ተናደሽ ብድግ እንዳልሽ አውቃለሁ። ተመለሽና ጨርሺው።

ከእማማ ቀብር በኋላ «ቀኑ እንዴት እንደነበር ንገሪኝ» ብለሽ ድምፅ ልከሽልኝ ነበር። ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሊሞላው ነው። ከተማሽ ድረስ መጥቼም ቁጥርሽን አወጣና መልሼ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ።

እሁድ ዕለት ብቻዬን ኮስፑደን ሐይቅ ሄድኩ። ያ ሁሌ የምታወሪልኝ። እዚህ ሐዋሳ ከፍቅር ሐይቅ አሞራ ገደል ለመሄድ ባጃጅ የምትጠራ ልጅ «11 ኪሎ ሜትር በእግሬ ዞርኩ» ስትለኝ አላመንኩሽም ነበር። አሁን አመንኩ! ለካ ዳገት የሚባል ነገር የለውም። ጋሪ የሚገፉ እናቶች አሉ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሽማግሌዎች አሉ። በሰሜን ካለው አሸዋማ ዳርቻ ተነስቼ፣ ውሃውን በግራዬ አድርጌ ዝም ብዬ ሄድኩ። ምዕራብ በኩል ያለው ማማ ላይ ወጣሁና ቁልቁል አየሁት። ያ ሁሉ ሰማያዊ ውሃ የድንጋይ ከሰል ሲዛቅበት የኖረ ጉድጓድ ነው ብሎ ማሰብ እንዴት ይከብዳል! እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ ቁፋሮውን አስቆመ። በ1993 ውሃ መሙላት ጀመሩ፤ በ2000 ሰው ይዋኝበት ብለው ከፈቱት። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ያልፋል። የኛው ሐዋሳ በጣም ጠለቀ ቢባል 22 ሜትር ገደማ ነው። እዚያው ሐዋሳ አጠገብ ያለው ጨለለቃ ትዝ አለኝ። እሱም እኮ ሐይቅ ነበር፤ እኛ የደረስነው ረግረጉ ላይ ነው። የነሱን እያየሁ በጣም ቆጨኝ።

ኮስፑደን መንደር እንደነበር ግን አልነገርሽኝም። ለከሰሉ ሲባል ፈርሶ ስሙ ብቻ ሐይቁ ላይ ቀረ። ይህንን ሳስብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለመንደሩ አልነበረም፣ ሚጡ። እማማ የቡና ረከቦታቸውን ዘርግተው «ያቺ ልጄ ደወለች?» የሚሉበት በረንዳ ነው የመጣብኝ። ጀልባዎቹ የቆሙበት ወደብ እስክደርስ እንባዬን ስጠርግ ነበር።

እንግዲህ ልንገርሽ።

የዕድሩ ድንኳን ከበራችሁ አልፎ አስፋልቱ ጋ ደርሶ ነበር። ቆሮሶ ዓሣ የሚሸጡላቸው ልጆች ከአሞራ ገደል ሥራቸውን ትተው፣ ቦት ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጡ። አንደኛው በር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ «ሳይመርቁኝ ገዝተው አያውቁም» ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ ስምሽ ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። አንቺ በምትቆሚበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በአንቺ ፈንታ አለቀስኩላቸው። ብቻቸውን አልሄዱም።

ሌላም አለ፣ ግን... እሱን ፊትሽን እያየሁ ነው የምነግርሽ።

ሙት ዓመታቸው የካቲት ላይ ነው። ነይ። አውሮፕላን ማረፊያ መጥቼ እቀበልሻለሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ዓሣ ሳይሻሙ፣ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል እንሄዳለን። ምቹ ጫማ ያዢ። ባጃጅ አልጠራልሽም።