ስለ 1966 ዓ.ም. ለወዳጄ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? እናትህስ ደኅና ናቸው? ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን። ሰሞኑን የጃንሆይን የመጨረሻ ዓመት ታሪክ ሳነብ ከረምሁ፤ ይህን ጨዋታ ካንተ በቀር ከማን ጋር እጫወተዋለሁ?

አንተ «የጣላቸው የወሎ ረሃብ ነው» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ወታደሩ ነው ብዬ እሟገትህ ነበር። አሁን ዓመቱን ወር በወር ስከታተለው የሚያንገበግበኝ የስንብቱ ነገር ነው። ለአርባ አራት ዓመት የነገሠ ዘውድ መውረጃ መንገድ አላበጀም ነበር።

ጥር ላይ በነገሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት ስለ ምግብና ስለሚጠጣ ውሃ ነበር። ውሃ እኮ ነው የጠየቁት! በየካቲት ባለታክሲዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወሩ ሳይወጣ ወረደ። እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ፤ አዲስ ሕገ መንግሥት ይረቀቅ ተባለ። ይህ ትእዛዝ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ከከሸፈው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ማግስት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልሁ እቆጫለሁ። ያኔ ጃንሆይ ገና 68 ዓመታቸው ነበር፤ በ1966 ግን እሳቸው አርጅተው፣ አልጋ ወራሹም ታመው ውጭ አገር ነበሩ።

ልቤን የሚያደማው ከሰኔ ወዲህ ያለው ነው። ደርግ ሰኔ 21 ቀን ተቋቋመ፤ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን ሲለቅም ለንጉሡ ታማኝ ነኝ እያለ ነበር። በነሐሴ የዘውድ ምክር ቤቱና የዙፋን ችሎቱ ፈረሱ፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ተወረሰ። በዘመን መለወጫ ማታ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተሰባጠረ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ የ82 ዓመቱን ንጉሥ በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

ሕዝብ በረሃብ እያለቀ የደበቀ መንግሥት መውረድ ይገባው ነበር፤ በዚህ ካንተ ጋር ነኝ። ነገር ግን ዳኛ የሌለበት አወራረድ ምን እንዳስከተለ ተመልከት፦ አክሊሉም እንዳልካቸውም፣ የዚያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ኅዳር 14 ቀን ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ለወሎ ገበሬ ፍትሕ ማለት ይህ ነበር? ጉዳዩ በአደባባይ ችሎት ታይቶ ቢሆን ማን ምን እንዳወቀና ማን እንደደበቀ ዛሬ ከራሳቸው አንደበት እናውቅ ነበር።

እናትህ በዚያ ክፉ ጊዜ ደሴ እንደነበሩ ነግረኸኛል። ያዩትን ማውጋት የማይከብዳቸው ከሆነ ጠይቀህ ጻፍልኝ። እንዳሉት አድርገህ፣ ሳታሳጥር።

ናፋቂ ወንድምህ