ከጀርባሽ ያለው ሕንፃ

ውድ ልጄ ሕሊና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ «ዶርሟን ካላየሁ» እያለ ነዝንዞናል፤ መልሱን አንቺው ስጪው።

በቴሌግራም የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። አምሮብሻል። ግን ከጀርባሽ ያለውን ሕንፃ «አሪፍ የድሮ ቤት» ብለሽ ማለፍሽ ከነከነኝ።

እሱ እኮ የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ያሠሩት። የአንቺው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲማ ሲጀመር እዚያ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ፣ በ33 ተማሪዎች ነው ሀ ያለው። ያኔ ቤቱ ገና የንጉሡ መኖሪያ ነበር።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ብቻውን የቆመ ደረጃ አለ። ወጥተሽበት የትም አያደርስሽም። ጣሊያን ነው የሠራው። እያንዳንዷ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየባትን አንዲት ዓመት ትቆጥራለች። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና አለቀ! እኔ ከማፍረሱ ይልቅ ይሄኛው ያረካኛል። ጠላት በገዛ ደረጃው አንበሳችንን ተሸክሞ እንዲኖር መፍረድ የሐበሻ ነገር ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ እዚያው ግቢ ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት ሲያሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ። ኢትዮጵያ በይፋ ያቀረበችው ቁጥር 30,000 ሰው ነው። ታክሲ ስትጠብቂ ጀርባ የምትሰጪው የስድስት ኪሎ ሐውልት የእነሱ ነው። አንድ ቀን ጠጋ ብለሽ በዙሪያው የተቀረጹትን ሰዎች እያቸው።

ደሙ ግን በዚያ አላበቃም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ባለሥልጣናቱን እዚያው ቤት አገቷቸው። ነገሩ ሲከሽፍ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ በመትረየስ ረሸኗቸው። ራስ አበበ አረጋይ ከነዚያ አንዱ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ጣሊያንን ሲዋጉ ኖረው፣ በገዛ ወገን ጥይት ሳሎን ውስጥ አለቁ። ይህችን ሳስብ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

በዓመቱ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ተባለ። ልግስና ነው ይባላል፤ ነውም። ግን እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ያን ያህል ሬሳ ከወጣበት ሳሎን ጎን ተኝቶ ማደር ለማንም ይከብዳል።

የሚገርመው፣ ቤታቸውን የሰጧቸው ተማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡባቸው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ግቢ አስገብተው ሲያለቅሱ፣ ክብር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰባቸው። አንቺ ፎቶ የተነሳሽበት ግቢ ማለት ነው። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ተማሪው ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረደ፤ ዩኒቨርሲቲውም የአሁኑን ስሙን ያዘ።

ቤቱ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እናታቸው ሲልቪያ እንግሊዝ አገር ተቀምጠው በጋዜጣ ፋሺስትን ሲታገሉልን የኖሩ ሴት ናቸው፤ መቃብራቸውም አራት ኪሎ ሥላሴ ነው። ለእሳቸው የተለየ ፍቅር አለኝ፣ እናት ስለሆኑም ይሆናል።

ሙዚየሙን ሳታዪ እንዳትመጪ። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር አለ። ከመስቀሎቹና ከሥዕሎቹ ፊት ረጋ በዪ፤ ጓደኞችሽ ቢቸኩሉ ይቸኩሉ።

ጋቢና በሶ በአጎትሽ ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ስልክሽን ክፍት አድርጊ፤ እሱ ሁለቴ አይደውልም።

እናትሽ